ደቦው የማን ማሳ ላይ ነው?

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ባለበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የጎረቤታችን ልጅ በር አንኳኩታ ገባች። ዳንሰኛ ናት። ዳንሰኛ ስል ሰርግ ቤት የምትጨፍር ወይም ከዘፋኝ ጀርባ ተሰልፋ ትከሻዋን የምታርገበግብ ማለቴ አይደለም (እነሱንም መናቄ አይደለም፣ እመለስባቸዋለሁ)። የእሷ “ኮንቴምፖራሪ” የሚሉት ነው። አባቷ “መሬት ላይ መንከባለል” ብሎ ሰይሞታል። እኔ ጋብዛኝ ሁለት ሦስቴ ሄጄ አይቻለሁ። ገብቶኛል ብዬ አልዋሽም፤ ዓይኔን መንቀል ግን አልቻልኩም።

ሻይ ቀረበላት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ጥቂት ዝም አለችና፣ “ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር” አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ የሙያ ጓደኛዋ ጋር ስምንት ወር ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሲለማመዱ ከርመው የሁለት ሰው ዳንስ ሰሩ። ሃያ ደቂቃ የምትሆን። ሰው ወደዳት። ተቀርጻ ተላከችና ውጭ አገር ያለ አንድ ፌስቲቫል ጋበዛቸው። የግብዣው ደብዳቤ ሲመጣ “ኮሪዮግራፈር” በሚለው ስር አንድ ስም ብቻ ሰፍሯል፤ የልጁ። የእሷ ከታች “ዳንሰኞች” ከሚለው ስር ነው፤ እዚያም ሁለተኛ ሆና። ማመልከቻውን የሞላው እሱ ነበር።

“ሀሳቡን ያመጣው ማነው?” አልኳት፣ እንደ ሽማግሌ ኮስተር ብዬ።

“እሱ።”

“እንግዲያውስ…”

“ሀሳቡ የሱ ነው፣ አልካድኩም። ግን ጋሼ፣ ዳንሱ ምን መሰለዎት… እሱ ይወድቃል፣ እኔ እይዘዋለሁ። ከዚያ እኔ እወድቃለሁ። አወዳደቁን ያወጣሁለት እኔ አይደለሁም። ግን እኔ ባልኖር እኮ አይወድቅም ነበር!”

ያን ያህል ዓመት ስነ ጽሁፍ ያስተማረ ሰው መልስ አያጣም ብላ ነው የመጣችው። አላጣሁም። የኛ ሰው ምክር ሲጠየቅ መቼ መልስ አጥቶ ያውቃል? “ተይው ልጄ” አልኳት። “ገና ልጅ ነሽ፤ ነገ ሌላ ትሰሪያለሽ። ስም ምን ያደርግልሻል? ስራው ይናገር።”

“እሺ ጋሼ” አለች። ሻይዋን ጨርሳ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች።

ያቺ “እሺ” ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳችኝ። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ፣ በሌላ ሰው አፍ፣ በዚያው ድምፅ ሰምቻት ነበር። እሱንም እመለስበታለሁ። ዛሬ እመለስበታለሁ ያልኩት ነገር በዛ።

ስለ አብሮ መስራት ሲነሳ እኛ ዘንድ ወዲያው የሚመጣው ደቦ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንልና ወሬው ያልቃል። ግን ደቦ ላይ ጮክ ብለን የማንናገረው አንድ ነገር አለ። ደቦ የወጣ ሰው ሁሉ ማሳው የማን እንደሆነ ያውቃል። ጠላውን ያስጠመቀ፣ እንጀራውን ያስጋገረ ባለማሳ አለ። ሠላሳ ሰው ያጭዳል፣ እህሉ የሚገባው ግን በአንድ ሰው ጎተራ ነው። ማንም ተነስቶ “እኔ ያጨድኩትን አምጣ” አይልም፤ ቢል ያሳፍራል። ወንፈል ከሆነማ ሂሳቡ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለኔ። ፍትሑ ያለው ነገ ውስጥ ነው።

የልጅቷ ጥያቄ ሲፍታታ ይሄው ነው። ስምንት ወር ሲያጭዱ የከረሙት የማን ማሳ ላይ ነበር? የልጁ ማሳ ከነበረ እሷ ደቦ ወጥታለች፤ ምስጋናና ጠላ ይበቃታል። የሁለቱ ከነበረ አንዱ የሌላውን እህል ጭኖ ሄዷል። ወይስ ማሳው ቀድሞ ያልነበረ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ የተገኘ መሬት ነው?

ይህን ጥያቄ እንደ ዳንስ የሚያከርረው ጥበብ የለም። ደራሲ ብዕር ይይዛል፣ ሰዓሊ ብሩሽ። የኮሪዮግራፈር ብዕሩ ሰው ነው። ብዕሩ ያስባል፣ ይደክመዋል፣ ወገቡን ያመዋል፣ አንዳንዴም ከጸሐፊው የተሻለ ሀሳብ ይመጣለታል። ታዲያ ብዕሩ የጻፈው የማን ድርሰት ነው?

ከዚህ በኋላ ስሞች ልጠራ ነው። ፈረንጆች ናቸው ብላችሁ እንዳትሰለቹብኝ፤ ጥያቄውን እስከ ጥጉ የገፉት እነሱ ስለሆኑ ነው።

ፒና ባውሽ እ.ኤ.አ. በ1973 ዉፐርታል በምትባል የጀርመን የፋብሪካ ከተማ የዳንስ ቡድን ኃላፊ ሆነች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የአሰራር ዘዴ አመጣች። “እጅሽን እንዲህ አንሺ፣ እግርህን እንዲያ አድርግ” ማለቷን ትታ ዳንሰኞቿን መጠየቅ ጀመረች። ስለ ልጅነት፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ፍቅር፣ አንዳንዴም ተራ ስለሚመስል ነገር። ለአንድ ስራ ብዙ ደርዘን ጥያቄ ትጠይቃለች። ዳንሰኞቹ በእንቅስቃሴ፣ በወሬ፣ በዘፈን፣ በፈለጉት ይመልሳሉ። እሷ ቁጭ ብላ ታያለች፣ ትጽፋለች። ከዚያ አብዛኛውን ትጥለዋለች፤ የቀረውን አንዱን ከሌላው እየሰፋች ትርኢት ታደርገዋለች። ፖስተሩ ላይ “የፒና ባውሽ ስራ” ይባላል።

ከነዚህ ስራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1978 የቀረበው “ኮንታክትሆፍ” ነው። በ2000 ያንኑ ስራ ከ65 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ዳንሰኛ ያልሆኑ የዉፐርታል ነዋሪዎች እንዲሰሩት አደረገች። በ2008 ደግሞ ከ14 ዓመት ጀምሮ ያሉ ታዳጊዎች። አስቡት እንግዲህ። አንዲት ዳንሰኛ በ1978 ከገዛ ህይወቷ ቆፍራ ያወጣችው መልስ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያኔ ባልተወለደች ልጅ ገላ ላይ ይታያል። ያቺ የመጀመሪያዋ ሴት ከታዳሚው መካከል ብትቀመጥ ምን ይሰማታል? ልጇን በሰው እጅ ያየች ያህል? ወይስ የተዳረች ልጇን ያየች ያህል?

እኔ እዚህ ላይ ለባውሽ አደላለሁ። ጠያቂዋ እሷ ናት፤ የጣለችውም፣ ያስቀረችውም፣ የሰፋችውም እሷ ናት። ስራ ውስጥ መጣል ትልቁ ችሎታ ነው። ዳንሰኞቹም ማሳው የማን እንደሆነ አውቀው ነው የገቡት። ብዙዎቹም እድሜያቸውን እዚያው ነው የፈጁት። ደቦ ነበር፤ ትልቅ፣ ጠላው ያልጎደለ ደቦ። ሆኖም አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ደቦ የሚወጣ ሰው የሚያመጣው ማጭድና ጉልበት ነው። የልጅነት ፍርሃቱን አምጣ አይባልም።

ሁለተኛው መንገድ የዚህ ግልባጭ ነው። አሜሪካዊው ኮሪዮግራፈር መርስ ከኒንግሃምና የሙዚቃ ሰው ጆን ኬጅ ከ1940ዎቹ አንስቶ፣ ኬጅ እ.ኤ.አ. በ1992 እስኪሞት ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አብረው ሰርተዋል፤ በኑሮም አጋሮች ነበሩ። አብረው የሰሩበት መንገድ ግን፣ ልክ ነው ያነበባችሁት፣ አብሮ ባለመስራት ነው። ስንት ደቂቃ እንደሚሆን ይስማማሉ። ከዚያ አንዱ ሙዚቃውን፣ ሌላው ዳንሱን ለየብቻ ይሰራሉ። ዳንሰኞቹ የሚለማመዱት ያለ ሙዚቃ፣ በሰዓት መያዣ ነው። ብዙ ጊዜ ሙዚቃውን የሚሰሙት መጋረጃው በተከፈተበት ምሽት ነው። የመድረኩ ዕቃና ልብስም እንዲሁ በሌላ ሰው ተሰርቶ ይመጣል። ሦስቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ በቃ። ሰውየው ይባስ ብሎ ከእንቅስቃሴው የትኛው እንደሚቀድም በሳንቲም ዕጣ የሚወስንበት ጊዜም ነበር።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ሳቄ መጣ። የሚጨፍረው ሌላ፣ የሚመታው ሌላ! የኛ አገር ከበሮ መቺ ቢሰማ ምን ይላል? በኋላ ግን እያሰብኩት ስሄድ ከቀልድ በላይ ሆነብኝ። ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ማሳቸው ለየቅል፣ አጥሩ የጋራ። አንዱ የሌላውን ቡቃያ አይረግጥም። ማንም ማንንም አያዝም፣ ማንም ለማንም አያጅብም። አጋርን ማክበር ማለት ለካ አንዳንዴ እጅን መሰብሰብም ነው። በትዳርም ቢሆን የማላውቀው ነገር አይደለም።

ግን እዚያም ቤት የስም ነገር ገባ። ሰዓሊው ሮበርት ራውሸንበርግ ለከኒንግሃም ቡድን አስር ዓመት ያህል ዲኮርና ልብስ፣ በኋላም መብራት ሲሰራ ቆይቷል። “ስቶሪ” ለሚባለው የ1963 ስራ የመድረኩን ዕቃ በየምሽቱ፣ በየደረሱበት ቲያትር ቤት ካገኘው ቁራጭና ጥራጊ አዲስ አድርጎ ይሰራ ነበር። ፍቅር ካልሆነ ይሄ ምን ይባላል? በ1964 ቡድኑ ስድስት ወር የፈጀ የዓለም ዙሪያ ጉዞ ወጣ፤ አውሮፓን አልፎ እስከ ሕንድና ጃፓን። በዚያው በጋ ራውሸንበርግ የቬኒስ ቢያናሌን ታላቁን የስዕል ሽልማት አሸነፈ። ባንድ ሌሊት ዓለም ያወቀው ሰው ሆነ። ከዚያም ለጋዜጠኞች ሲናገር የከኒንግሃም የዳንስ ቡድን ትልቁ የስዕል ሸራዬ ነው የሚል ነገር ተናገረ።

ለማመስገን ብሎ ይሆናል። እኔ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ፤ ሰዓሊ ከሸራ በላይ የሚወደው ምን አለ? ግን እስኪ በዳንሰኞቹ ቦታ ሁናችሁ ስሙት። በየምሽቱ ላባችሁን የምታፈሱ ሰዎች ናችሁ፤ አንዱ ተነስቶ “ሸራዬ ናቸው” አለ። የከኒንግሃም ደግሞ ሃያ ዓመት ያረሰው ማሳ ነው። ባንድ ቃል ባለማሳው ተቀየረ። ጉዞው ሲያልቅ ራውሸንበርግ ከቡድኑ ወጣ። ኩርፊያው የተፈጠረው በዚያች ቃል ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የስድስት ወር ድካምና የገንዘብ ችግርም አለበት። ቢሆንም ቃሏ አልተረሳችም። ደግሞ ተመልሰው አብረው ሰሩ፤ በ1977 “ትራቨሎግ”ን፣ እንደገና በ2000 “ኢንተርስኬፕ”ን። መካከሉ አስራ ሦስት ዓመት ነው።

ሕግስ ምን ይላል የሚል ይኖራል። ሕግ አለ፤ የኛው የ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅም ስለ ጋራ ስራ ይናገራል። ነገር ግን ሕግ የሚያውቀው ውልና ወረቀት ነው። ማርታ ግራሃም የምትባለው የአሜሪካ ዳንስ እናት እ.ኤ.አ. በ1991 ከሞተች በኋላ ስራዎቿ የማን ናቸው ተብሎ ክርክር ተነሳ። በ2002 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት አብዛኞቹን የድርጅቱ ናቸው አለ፤ ሴትዮዋ ራሷ ላቋቋመችው ድርጅት ተቀጣሪ ነበረች በሚል ምክንያት። ለወራሼ ብላ የተናዘዘችው በአብዛኛው የሷ አልነበረም ማለት ነው። ሕጉን አልቃወምም። የጎረቤቴ ልጅ ግን የጠየቀችኝ ሕግ አልነበረም።

የጠየቀችኝ ስለ መውደቅ ነበር።

ስለ መውደቅ ካነሳን ከ1964ቱ ጉዞ በኋላ የከኒንግሃምን ቡድን ከለቀቁት መካከል ስቲቭ ፓክስተን የሚባል ወጣት ዳንሰኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በኦሃዮ፣ ኦበርሊን ኮሌጅ፣ ከተማሪዎች ጋር የስፖርት ፍራሽ ላይ አንድ ነገር ሞከረ። ወንዶች እርስ በርሳቸው እየተጋጩ፣ አንዱ ሌላው ላይ እየተወረወረ፣ እየተያያዙ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። ከዚያ የተነሳው የአሰራር ዘዴ “ኮንታክት ኢምፕሮቫይዜሽን” ተባለ። ሁለት ሰዎች ገላቸው በአንድ ነጥብ ይነካካል፤ ያቺን ነጥብ ተከትለው ክብደታቸውን ይሰጣጣሉ። ማንም አይመራም። ቀድሞ የተዘጋጀ ነገር የለም። ክብደትህን ካልሰጠኸኝ ልሸከምህ አልችልም፤ ሁሉንም ከጣልክብኝ ደግሞ እሰበራለሁ።

እዚህ ላይ ማሳ የሚባል ነገር ጠፋ። ዳንሱ እሱም ጋ የለም፣ እሷም ጋ የለም፤ ትከሻና ትከሻ በሚነካኩባት ቦታ ነው ያለው። ሲላቀቁ አብሮ ይጠፋል። እነ ፓክስተን በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ሳይሰለጥን የሚያስተምር ሰው ጉዳት እንዳያደርስ ፈርተው፣ ስሙን በሕግ ለማስመዝገብና ፈቃድ ለመስጠት አስበው ነበር። ከዚያ ተዉት። ፖሊስ መሆን አልፈለጉም። በምትኩ የሚጻጻፉበት መጽሔት ጀመሩ። ፓክስተን እ.ኤ.አ. በ2024 ሲሞት ያ ዳንስ በብዙ አገር ይሰራ ነበር።

እኛም አገር ደርሷል። መንገዱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ላይ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን ይዞ “ካርሚና ቡራና”ን ሰራ። መንታ የወለዱ ችግረኛ ቤተሰቦችን ለመርዳት የተቋቋመው ጀሚኒ ትረስት ነበር ከጀርባው። ከዚያ ስራ “አዱኛ” የተባለው የዳንስ ቡድን ወጣ። በኋላም አዳም ቤንጃሚን የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ መጥቶ አካል ጉዳተኞችና ጉዳት የሌለባቸው ወጣቶች አብረው እንዲደንሱ አሰለጠነ። ክብደት መሰጣጣት የሚባለው ነገር ትርጉሙ እዚህ ላይ ይለወጣል። ክራንች የያዘ ልጅና ሁለት እግሩ የቆመ ልጅ ሲደጋገፉ ማን ማንን እንደያዘ ለማወቅ ዓይን ይቸገራል።

ከአዱኛ ልጆች ሁለቱ፣ ጁናይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ፣ ከልጅነት ጀምረው አብረው አደጉበት። ጁናይድ በ2004 ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር ለአንድ ዓመት እንዲሰራ በሮሌክስ ፕሮግራም ተመርጧል። በኋላ ሁለቱ ተመልሰው እዚሁ አዲስ አበባ “ዴስቲኖ” የተባለ የዳንስ ቡድን አቋቋሙ። በመካከላቸው ያለውን ሂሳብ እኔ አላውቅም፤ የሁለት ሰው ሂሳብ ከውጭ አይታይም። ግን እንዲህ ያለ ረጅም ጉርብትና በኛ የጥበብ ሰፈር ብርቅ ስለሆነ ሳላነሳው አላልፍም። እኛ ጋ ባንድ የሚፈርሰው ከመጀመሪያው ካሴት በኋላ ነበር።

ካሴት ካልኩ ቅድም ቃል የገባሁትን ልፈጽም። የድሮውን የካሴት ሽፋን አስታውሱ። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሁሉም ከነባለቤቱ ይጻፋል፤ በዚህ የምንኮራበት ልማድ ነበር። ክሊፕ መጣ። ስድስት ተወዛዋዥ አራት ደቂቃ ሙሉ ይታያል፤ እስክስታው፣ ጭፈራው፣ ላቡ የነሱ ነው። እስኪ አንዲቷን በስም ጥሩልኝ? አትችሉም። እኔም አልችልም። መዝናኛ አምድ ላይ ስንት ጊዜ ስለ ክሊፕ ጽፌ ለዳይሬክተሩ አንድ አንቀጽ ስሰጥ ለነሱ “ያማሩ ተወዛዋዦች” ብዬ አልፌያለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፣ ልሸሸው አልፈልግም። አባቶቻችን ለስም መቼ ተጨነቁ? እስክስታ ላይ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፤ አንዱ ትከሻውን ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ጨምሮ ይመልሳል። ማን ፈጠረው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስም ይጻፍልኝ የሚለው ነገር ከፈረንጅ የመጣ በሽታ ነው የሚል ወዳጅ አለኝ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ስነ ቃልን እንዲህ ነበር የምጀምረው። ሰሌዳው ላይ “ስነ ቃል ደራሲ የለውም” ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ዓመት ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ “የለውም ነው ወይስ ጠፋብን?” አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ። ስሟን አልያዝኩም።

እንግዲህ ወደዚያች “እሺ” ልመለስ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በኛ አቆጣጠር ነው፣ ወጣት መምህር ሳለሁ ከአንድ የስራ ባልደረባዬ ጋር ቲያትር ጻፍን። “ጻፍን” ማለት አሁን ነው የመጣልኝ፤ ለዓመታት “ጻፍኩ” ነው የምለው። እሱ ቁጭ ብሎ መጻፍ አይሆንለትም። ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ ያወራል፣ ገጸ ባህሪውን ይሆናል፣ ያለቅሳል፣ ይሳደባል። እኔ ጠረጴዛው ላይ ሆኜ እጽፋለሁ። አንዳንዴ ብዕሬን አስቀምጬ “እንዲህ አትልም” እለዋለሁ፤ “ታዲያ እንዴት ትላለች?” ይለኛል፤ እናገራለሁ፤ ከአፌ ነጥቆ ሌላ ያደርገዋል። አንድ ዓመት በላይ እንደዚያ ሆነን። ቲያትሩ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰ ልጇን ስለምትጠብቅ እናት ነው።

በስቴንስል ተባዝቶ ለተማሪዎች መድረክ ሲዘጋጅ ሽፋኑን ያሰራሁት እኔ ነኝ። ደራሲ በሚለው ቦታ የኔ ስም ነበር። የሱ ምስጋናው ውስጥ፣ ሻይ ያመላለሱልንን ሴትዮ ተከትሎ። ክፋት አልነበረውም ብል ማን ይከለክለኛል? ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር ያሰብኩት፤ ከልቤ። አሳየሁት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና “እሺ፣ ጥሩ ነው” አለኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ወደ አሜሪካ ሄደ። እንደዋወል ነበር፣ እየቀነሰ ሄደ። ከአራት ዓመት በፊት እዚያው አረፈ።

ባለፈው ዓመት አንድ አሳታሚ ያንን ቲያትር ከሌሎች ስራዎቼ ጋር ላሳትምልህ አለኝ። አንስቼ አነበብኩት። እመኑኝ፣ የትኛው መስመር የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ሃያ ዓመት የሰውን ጽሁፍ በአጻጻፍ ስልት ስለይ የኖርኩ ሰው የራሴን መለየት አቃተኝ። አንዷን ብቻ አውቃታለሁ። እናትየዋ ልትሞት ስትል ለጎረቤቶቿ የምትናገራት ናት፦ “ከመጣ እንዳያንኳኳ፤ በሩ ክፍት ነው በሉት።” ይቺ የኔ አይደለችም። እሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው ያላት። እኔ ጻፍኳት። ያንን ቲያትር ያዩ ሰዎች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የሚያነሱልኝ ያቺን ናት። “እንዴት መጣችልህ?” ይሉኛል። “እንግዲህ መጣች” እላቸዋለሁ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ሲያገላብጠኝ ያደረው ይሄ ነው። በማግስቱ ቤቷ ሄድኩ። “ትናንት ያልኩሽ ነገር የራሴን ጉድ መሸፈኛ ነበር” አልኳት። ምንም አልገባትም፣ ቢሆንም አንገቷን ነቀነቀች። ለካ እሷ ምክሬን ወደ ጎን ብላ በዚያው ምሽት ለልጁ ደውላለታለች። ምን አለ? “ማመልከቻው ላይ ለኮሪዮግራፈር የተሰጠው አንድ መስመር ነው፣ ለሁለት ሰው ቦታ የለውም” አለ። አስመጥታ አየችው፤ እውነትም አንድ መስመር። ሰበብ ይሁን እውነት እኔ አልፈርድም። ከሁለት አንዱ ግን መስመሩን አልፎ ኅዳጉ ላይ መጻፍ ይቻል ነበር። አሁን ሁለቱም ፈርመው ለፌስቲቫሉ ደብዳቤ ልከዋል። መልስ አልመጣም። ልምምዱን አላቋረጡም። “ስንኳረፍማ መውደቅ አይቻልም፤ ገላዬ ይደርቃል” አለችኝ።

እኔም ስልክ አነሳሁ። የወዳጄ ልጅ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ነግሬያት ስጨርስ እሷ ዝም፣ እኔም ዝም። በአዲሱ እትም ላይ የአባቷ ስም ከኔ ጎን እንደሚሆን፣ እንዲያውም ከኔ እንደሚቀድም ነገርኳት። አመሰገነችኝ፤ ባታመሰግነኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ስለዚያች መስመር አወራኋት። መስኮቱን፣ ጀርባውን መስጠቱን።

“ጋሼ፣ እሷማ የአባዬ አይደለችም” አለችኝ። “የእምዬ ናት። የአባዬ እናት። አባዬ ሁሌ ይነግረን ነበር። ትልቁ ወንድሙ ዘምቶ ስላልተመለሰ እምዬ ማታ ማታ በር አታስቆልፍም ነበር አሉ። ጎረቤት ሌባ ይገባል ሲላት እንደዚያ ትላለች።”

ብዕር ይዤ ነበር። “ስማቸው ማን ነበር፣ የእምዬ?” አልኳት።

ዝም አለች። “ይገርማል ጋሼ፣ አላውቀውም። እምዬ ነው የምንላት። የአባዬ ወረቀት ሁሉ እኔ ጋ ነው። የአባቱ ስም አለ፣ የአያቱ ስም አለ። የእሷ የትም ቦታ የለም።” ጎጃም የቀሩ አንዲት አክስት አሉ፣ እሳቸውን ጠይቄ እደውልልዎታለሁ አለችኝ።

አሳታሚው ሽፋኑን ቶሎ በል ይለኛል። እስካሁን አልደወለችም።